«ሌላ አንድ ዓመት ልለማመድ?»

ከአንባቢ የደረሰን ደብዳቤ፦

«ዕድሜዬ 54 ነው። ልጆቼ ትምህርት ቤት እያሉ ይነፉት የነበረውን የፕላስቲክ ሶፕራኖ ሪከርደር (ቀጥ ተደርጎ የሚነፋ የዋሽንት ዓይነት) ከመሳቢያ አውጥቼ ብቻዬን መለማመድ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ኖታ አነባለሁ፤ ግን ቀስ ብዬ ነው። በምኖርበት አካባቢ አማተር የሪከርደር ተጫዋቾች በሳምንት አንድ ምሽት እየተሰበሰቡ በአራት ድምፅ (ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴነርና ባስ) እንደሚጫወቱ ሰምቼ መሪያቸውን ባነጋግር ‹ይምጡና አብረውን ይቀመጡ› አሉኝ። ይኸው ሁለት ወር አለፈ፤ አልሄድኩም። እነሱ ለዓመታት አብረው የቆዩ ናቸው፤ እኔ ገብቼ ሙዚቃውን እንዳላበላሽባቸው እፈራለሁ። ሌላ አንድ ዓመት ተለማምጄ ልሂድ? ጥሩ የእንጨት ሪከርደርስ ልግዛ? የባለቤቴ ወንድም ደግሞ ‹የሕፃናት መጫወቻ ይዘሽ› እያለ ያሾፍብኛል። የልቤን ብናገር የምመኘው ቴነሩን መንፋት ነው፤ ጣቶቼ ግን አጫጭር ናቸው፤ ጠዋት ጠዋትም ይደርቁብኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

ብቻዋን የምትነፋ

ውድ አንባቢያችን፤

በሚቀጥለው የልምምድ ምሽት ይሂዱ። ሌላ ዓመት አይጠብቁ። ይህን የምለው ለማበረታታት ያህል አይደለም፤ ጎደለኝ ብለው የሚያስቡት ነገር ቤት ውስጥ ስለማይገኝ ነው።

ብቻውን የሚለማመድ ሰው ሲሳሳት ምን እንደሚያደርግ ያስቡት። ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ የሳተውን ኖታ አስተካክሎ ይቀጥላል። አንድን አስቸጋሪ ቦታ ለማጥናት ይህ ትክክለኛ ዘዴ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲደጋገም ግን አብሮ የሚለመድ ሌላ ነገር አለ፤ እሱም መቆም ነው። በቡድን ውስጥ ሙዚቃው ማንንም አይጠብቅም። አንዱ ቢስት ሌሎቹ ይቀጥላሉ፤ የሳተው ሰው የደረሱበትን ፈልጎ መግባት አለበት። ለዓመታት አብረው የቆዩት ሰዎች ከእርስዎ የሚበልጡት ባለመሳሳት እንዳይመስልዎ። እነሱም ይሳሳታሉ፤ በየልምምዱ ይሳሳታሉ። የሚበልጡዎት ከሁለት ሦስት ምት በኋላ ተመልሰው ስለሚገቡ ነው፤ አንዳንዴ ከጎናቸው የተቀመጠው ሰው እንኳ መሳታቸውን አያውቅም። ይህን ችሎታ የሚያስተምረው የማይቆም ሙዚቃ ውስጥ መቀመጥ ብቻ ነው።

የአገባቡን ዘዴ ልንገርዎ፤ እኔ እንዲህ ባለ ቡድን ውስጥ አልቶ ስነፋ ዓመታት አልፈውኛል፤ አዲስ ለሚመጣ ሰው ሁሉ የምናገረው ይህንኑ ነው። ኖታው በቋሚ መስመሮች ተከፋፍሎ ያዩታል፤ ባር የሚባለው በሁለት መስመሮች መካከል ያለው ክፍል ነው። ፍጥነቱ ከአቅምዎ በላይ ሲሆን ከእያንዳንዱ ባር የመጀመሪያውን ኖታ ብቻ ይንፉ፤ የቀረውን በዓይንዎ ይከተሉት። ሙዚቃው በአብዛኛው የሚያርፈው እዚያ የመጀመሪያ ምት ላይ ስለሆነ ያንን ከያዙ ከቡድኑ ጋር ነዎት ማለት ነው። በሁለተኛው ዙር ሦስተኛውን ምት ይጨምሩበታል፤ በሦስተኛው ዙር አብዛኛው ጣትዎ ውስጥ ገብቶ ያገኙታል። ጨርሶ ከጠፋብዎ መሣሪያውን ከከንፈርዎ ሳያርቁ መንፋቱን ያቁሙ፤ መቁጠሩን ግን አያቋርጡ። የእግርዎን ጣት በጫማዎ ውስጥ እያንቀሳቀሱ ይቁጠሩ፤ ማንም አያይዎትም። ጆሮዎን ለባሱ ይስጡ፤ ባሱ ረጅም ኖታ ይዞ ሲያርፍ ሐረጉ እያለቀ ነው፤ የሚቀጥለው ሐረግ መጀመሪያ የመግቢያ በርዎ ነው። እርሳስ ይያዙና የጠፉበትን ቦታ ምልክት ያድርጉበት። ብዙ ጊዜ የሚጠፉት ኖታው በበዛበት ሳይሆን ረጅም ዕረፍት ቆጥረው በሚገቡበት ቦታ መሆኑን ሲያዩ ይገረማሉ። በዚያ ዕረፍት ላይ ከእርስዎ በፊት የሚገባው የትኛው ድምፅ እንደሆነ በትንሹ ይጻፉበት፤ በቁጥር ከመተማመን እሱን መስማት ይሻላል።

እስከዚያ ምሽት ባሉት ቀናት ቤትዎ ሊያደርጉት የሚገባ ልምምድ አንድ ብቻ ነው። ነፍተው የማያውቁትን ቀላል ገጽ ይክፈቱ፤ ሜትሮኖም (ምት የሚጠብቅ መሣሪያ) በዝግታ ያስነሱ፤ ምንም ቢፈጠር ሳይቆሙ እስከ መጨረሻው ይሂዱ። ግማሹን ኖታ ቢዘሉም ከሜትሮኖሙ ጋር አብረው ከጨረሱ ልምምዱ ሠርቷል።

አበላሻለሁ የሚለውን ፍርሃትዎን አላቃልለውም፤ ነገር ግን የሚፈሩት ትክክለኛውን ነገር አይደለም። በሪከርደር ቡድን ውስጥ የተሳሳተ ኖታ ብልጭ ብሎ ያልፋል። ጆሮ የሚጎዳው ከቅኝት የወጣ ረጅም ድምፅ ነው። ሪከርደር ሲነፋ ከንፈር ብዙ ሥራ የለውም፤ ትንፋሽ በጠባቧ ቦይ አልፎ ስለታሙ ጠርዝ ላይ የሚያርፍበትን አቅጣጫ አስቀድሞ የወሰነው ሠሪው ነው። የነፊው ድርሻ የትንፋሹ ኃይል ነው። ጠንክሮ ሲነፋ ቅኝቱ ከፍ ይላል፣ ሲያላላ ዝቅ ይላል። አዲስ የመጣ ሰው ደግሞ እንዳይሰማበት ብሎ ትንፋሹን ይሰስታል። ያን ጊዜ ድምፁ ከሌሎቹ በታች ይወርድና እንዳይሰማ ተብሎ የተነፋው ኖታ ከሁሉም ጎልቶ የሚሰማ ይሆናል። ሁለት ሶፕራኖዎች አንድ ከፍ ያለ ኖታ ይዘው በጥቂቱ ሲለያዩ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ሁለት የተለያዩ ከፍተኛ ኖታዎች ሲይዙ ደግሞ ማንም ያልነፋው ሦስተኛ ወፍራም ድምፅ ጆሮ ውስጥ ሲጮህ ይሰማል፤ ሁለቱ በትክክል ካልተቃኙ ይህ ድምፅ ይረብሻል። የቡድኑ ነባር አባላት ዞር ብለው ሲያዩ ብዙውን ጊዜ የሚፈልጉት ይህ ከየት እንደመጣ ነው፤ ከራሳቸው ሊሆን እንደሚችልም ያውቃሉ።

ስለዚህ ወይ ሙሉ ትንፋሽ ሰጥተው ይንፉ፣ ወይ ፈጽመው አይንፉ። መሃሉ ነው የሚያበላሸው። ሲልቬስትሮ ጋናሲ የተባለው የቬኒስ ሙዚቀኛ እ.ኤ.አ. በ1535 ስለዚህ መሣሪያ ባሳተመው መጽሐፍ ነፊው የሰውን ድምፅ እንዲመስል ይመክራል። ሰው ሲናገር የቃሉን መጨረሻ ትንፋሽ እንደማያሳጣው ሁሉ እርስዎም ረጅሙን ኖታ እስከ ጫፉ በእኩል ትንፋሽ ይያዙት። በስልክ ላይ የሚጫን የቅኝት መለኪያ ካለዎት አንድ ኖታ ይዘው መርፌዋ ሳትወዛወዝ ለማቆየት ይሞክሩ፤ ከዚያ መለኪያውን ዘግተው በጆሮዎ ብቻ ይድገሙት። ልምምዱ ከመጀመሩ በፊት የሪከርደሩን የላይኛውን ክፍል በመዳፍዎ ወይም በልብስዎ ውስጥ ይዘው ያሙቁት፤ ቀዝቃዛ ሪከርደር ቅኝቱ ዝቅ ያለ ነው፤ ሲሞቅ ይወጣል። ከሞቀ በኋላ ከቡድኑ በላይ ከሆነ ያንኑ ክፍል በትንሹ ወደ ውጭ ሳብ ማድረግ ይበቃል።

አሁን ስለ መሣሪያው። የእንጨቱን ለጊዜው ይተዉት፤ በፕላስቲኩም አይፈሩ። ጥሩ የፕላስቲክ ሪከርደር ቅኝቱን የሚጠብቅ ታማኝ ዕቃ ነው፤ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾችም ይነፉበታል። አዲስ እንጨት ግን እንክብካቤ ይፈልጋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ይነፋል፣ ሁልጊዜ ይወለወላል፣ አልፎ አልፎ ዘይት ይቀባል። አዲስ ቡድን ውስጥ ሲገቡ ሙሉ ምሽት የማይነፋ መሣሪያ ይዞ መሄድ ለራስዎ ተጨማሪ ጭንቀት መግዛት ነው። ደግሞም የእንጨት ሪከርደሮች በተለያየ ቅኝት ይሠራሉ፤ ዛሬ የተለመደው ላ የምትባለው ኖታ በሰከንድ 440 ንዝረት የምትሆንበት ነው፤ ለባሮክ (ለ17ኛውና ለ18ኛው መቶ ዘመን) ሙዚቃ ተብለው የሚሠሩት ግን ብዙ ጊዜ በ415 ስለሚቃኙ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላሉ። ቡድኑ በየትኛው እንደሚጫወት ሳያውቁ የተገዛ ውብ ዕቃ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ከመሳቢያ የወጣውን ያንን የልጆችዎን ሪከርደር ግን ዛሬውኑ ይመርምሩልኝ። ከፊት ያሉትን ሰባት ቀዳዳዎች ከላይ ወደ ታች ይቁጠሩ። አምስተኛው ከአራተኛው የሚያንስ ከሆነ የተሠራው በጀርመን የጣት አቀማመጥ ነው፤ አራተኛው ካነሰ ደግሞ በባሮክ አቀማመጥ ነው። የጀርመኑ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የመጣ ሲሆን ፋ የምትባለውን ኖታ ለማቅለል የተደረገ ለውጥ ነው። ፋ ቀለለች፤ ፋ ሻርፕ (በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለችው ፋ) እና ሌሎችም ኖታዎች ግን ከቅኝት ወጡ። ቤት ውስጥ ብቻዎን ሲሆኑ ይህ ላይታወቅዎት ይችላል፤ ፋ ሻርፕ ባለበት በሶል ሜጀር ስልት ከሌሎች ጋር ሲነፉ ግን በየመስመሩ ይታወቃል፤ ጥፋቱም የእርስዎ ይመስልዎታል። እንዲያ ከሆነ መግዛት ያለብዎት የባሮክ አቀማመጥ ያለው የፕላስቲክ ሶፕራኖ ነው። ፋን እንደ አዲስ መማር ይኖርብዎታል፤ ከጥቂት ሳምንታት በላይ አይፈጅም።

ሌላ የሚያስደነግጥዎ ነገር እርጥበት ነው። ረዘም ላለ ጊዜ ሲነፋ የትንፋሽ ጤዛ ቦይዋን ይዘጋና ድምፁ ይታፈናል። አባላቱ በየዕረፍቱ በሪከርደሩ አፍ አየር ወደ ውስጥ ሲስቡ ያያሉ፤ ጤዛውን እያወጡ ነው። እንደዚያ ያድርጉ፤ ወይም የድምፅ መውጫውን መስኮት በጣትዎ በስሱ ሸፍነው አንዴ ጠንክረው ይንፉ። ጠርዙን ግን አይንኩት፤ ቦይዋ ውስጥም ምንም ነገር አይክተቱ።

የባለቤትዎን ወንድም ነገር በአጭሩ ልመልሰው። እ.ኤ.አ. በ1547 የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ሲሞት በተመዘገበው ንብረቱ ውስጥ 76 ሪከርደሮች ነበሩ። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ባኽ በአራተኛው የብራንደንቡርግ ኮንቼርቶው ላይ ለሁለት ሪከርደሮች ጽፏል። በ18ኛው መቶ ዘመን ድምፁ የጎላው አግድም ዋሽንት ቦታውን ሲወስድ ሪከርደር ተረሳ፤ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ እንደ አርኖልድ ዶልሜች ያሉ ሠሪዎች መልሰው አነሡት። ትምህርት ቤት ውስጥ በብዛት የገባው ከ1930ዎቹ ወዲህ ነው፤ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ፣ በ1937፣ ብሪታንያ ውስጥ የሪከርደር ተጫዋቾች ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1939 ደግሞ የአሜሪካው ተከተለ። እንግዲህ ልጆች ክፍል ውስጥ መንፋት ሲጀምሩ ለፍቅሩ ብለው የሚነፉ አዋቂዎችም አብረው መሰብሰብ ጀምረው ነበር ማለት ነው። ይህን ነግረውት ካልረካ ይተዉት፤ የልምምድ ምሽትዎን የሚወስነው እሱ አይደለም።

ከመሄድዎ በፊት መሪያቸውን አንድ ጊዜ ያነጋግሩ። «ጀማሪ ነኝ» ብቻ አይበሉ፤ ይህ ለመሪ ምንም አይነግረውም። የሚችሉትን በልኩ ይንገሩት፤ ሶፕራኖ ብቻ እንደሚነፉ፣ ከታችኛው ዶ ተነሥተው እስከ የትኛው ከፍተኛ ኖታ እንደሚደርሱ፣ ስንት ሻርፕና ስንት ፍላት (ኖታን በግማሽ ድምፅ ዝቅ የሚያደርግ ምልክት) እንደሚያነቡ። ኖታዎቹን አስቀድመው ማግኘት ይችሉ እንደሆነ ይጠይቁ። በአንድ ድምፅ ላይ ስንት ሰው እንደሚነፋም ይጠይቁ፤ ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። ሦስት አራት ሰው አንድ መስመር አብሮ የሚነፋበት ቡድን ለአዲስ ሰው መጠለያ አለው፤ እርስዎ ቢያቋርጡ መስመሩ አይቋረጥም። በየድምፁ አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ግን ሌላ ዓይነት ጨዋታ ነው፤ ለእሱ ገና ነዎት። ቦታ ሲሰጡዎት ምቱን አጥብቆ የሚይዝ ሰው አጠገብ ያስቀምጡኝ ይበሉ፤ ጥሩ ነፊ ሁሉ ምት ጠባቂ ስላልሆነ መሪው ማን እንደሆነ ያውቃል።

የመጀመሪያው ምሽት ያደክምዎታል። ከቡድኑ ድምፅ መሃል የራስዎን አለመስማት እንግዳ ነገር ነው፤ አንዳንዱ ሰው በዚህ ብቻ ተስፋ ቆርጦ ይቀራል። እባክዎ በአንድ ምሽት አይፍረዱ፤ አራት አምስት ልምምድ ይታገሡ። ከዚያ በኋላም መሪው አንድን ሰው ለይቶ በሌሎች ፊት የሚያሸማቅቅ ከሆነ፣ ወይም ፍጥነቱ ሁልጊዜ ከቡድኑ ግማሽ በላይ የሆነውን ሰው ጥሎ የሚሄድ ከሆነ ይውጡ። ያ የእርስዎ ጉድለት አይደለም። ከእዚያው ቡድን ውስጥ እንደ እርስዎ የተቸገሩ ሁለት ሰዎች ማግኘትዎ አይቀርም፤ ለሦስት ድምፅ የተጻፈ ብዙ ደስ የሚል ሙዚቃ አለ።

በመጨረሻ የጻፉትን የቴነሩን ነገር ያስቀደሙት ቢሆን ደስ ባለኝ ነበር፤ ምክንያቱም ከደብዳቤዎ ሁሉ ትክክለኛው ሐሳብ እሱ ነው። ቴነርና ሶፕራኖ ሁለቱም ዝቅተኛ ኖታቸው ዶ ነው፤ የጣት አቀማመጣቸው አንድ ነው፤ ቴነሩ በአንድ ኦክታቭ (ከአንዱ ዶ እስከ ሚቀጥለው ዶ ባለው ርቀት) ዝቅ ይላል እንጂ የሚያውቁት ሁሉ ያገለግልዎታል። አልቶና ባስ ግን ከፋ ስለሚነሡ ያው የጣት አቀማመጥ ሌላ ኖታ ይሰጣል፤ እነሱን መማር ጊዜ ይፈልጋል። በተጨማሪም ቴነር ከመሃል ድምፆች አንዱ ነው። ሶፕራኖ ላይ የተሠራ ስሕተት ከሁሉም በላይ ተንሳፍፎ ይሰማል፤ ቴነር ላይ የተሠራውን ሌሎቹ ይሸፍኑታል፤ ከመሃል ሆነው ደግሞ አራቱንም ድምፅ ይሰማሉ።

ጣቶችዎን በተመለከተ፣ የቴነር ቀዳዳዎች በእርግጥ ይራራቃሉ፤ ብዙዎቹ ቴነሮች ግን የታችኛውን ቀዳዳ የሚዘጋ ቁልፍ አላቸው፤ ለትንሽ እጅ ተብለው ተጨማሪ ቁልፍ የተደረገላቸው፣ አንገታቸውም የታጠፈ አሉ፤ የታጠፈው እጅን ወደ ሰውነት ያቀርባል። ቀዳዳዎቹን በጣትዎ ጫፍ ሳይሆን በለስላሳው ሥጋ ይሸፍኑ፤ ጣቶችዎ ቀጥ ብለው ይዘርጉ እንጂ አይቆልመሙ። ክብደቱ የቀኝ አውራ ጣትዎ ላይ እንዳያርፍ የአንገት ማንጠልጠያ ይጠቀሙ። ልምምዱ ምሽት መሆኑ ለእርስዎ ይስማማዎታል፤ ቀደም ብለው ደርሰው እጅዎን በሙቅ ውኃ ይታጠቡና በሶፕራኖው ይጀምሩ። ድርቀቱ ወደ ሕመም ከተለወጠ ያቁሙ፤ ሐኪምም ያማክሩ። ቴነሩን ግን ሳይሞክሩ አይግዙ። ከአባላቱ አንዱ ያለውን እንዲያውስዎ ይጠይቁና ዝቅተኛዋን ዶ ይሞክሩ፤ ጣቶችዎ ሳይጨነቁ ሁሉንም ቀዳዳዎች ዘግተው ድምፁ ጥርት ብሎ ከወጣ ያ ልክ የእርስዎ ነው፤ ካልወጣ ባለብዙ ቁልፉን ወይም አንገቱ የታጠፈውን ይሞክሩ።